ስለ ከብት በረት መዝጊያ አመራረጥ

በአዳማ ዙሪያ ለውጭ ገበያ የሚደልቡ ሰንጋዎች ሳይጎዱ ከወደብ እንዲደርሱ መኖው ብቻ አይበቃም፤ የበረቱም መዝጊያ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሰንጋ ተጋፍቶ ሲያልፍ ሹል ብረት ቢቧጥጠው ቆዳው ዋጋውን ያጣልና፥ ማዕዘን ካለው ብረት ይልቅ ክብ ቧንቧ ይመረጣል። ዚንክ የተለበጠው ዝገትን ይቋቋማል፤ ይሁን እንጂ ከተለበጠ በኋላ የተበየደ እንደ ሆነ ዚንኩ በብየዳው ስፍራ ስለሚቃጠል፥ አስመጪው ዕቃውን ከመረከቡ አስቀድሞ መጋጠሚያውን አጥብቆ ይመርምር።

ባለ ሱቆች ብዙ ጊዜ የማይናገሩት ነገር አለ፤ የላይኛው ማጠፊያ ዘንጉ ወደ ታች ተገልብጦ ካልተገጠመ፥ ኮርማ በቀንዱ መዝጊያውን አንሥቶ ይነቅለዋል። ለበግና ለፍየል የታችኞቹ አግዳሚዎች ይቀራረቡ። የጭነት መኪና ለሚገባበት በር ስፋቱ 4 ሜትር ያህል ቢሆን መልካም ነው።