በአትክልት ፒዛ ውስጥ የተደበቀው ዱቄት

ምክር ፍለጋ ወደ እኔ የመጡት ሰው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም አለባቸው። መድኃኒታቸውን ሰዓቱን ጠብቀው ይወስዳሉ፤ የመለኪያውን ውጤት በደብተር ላይ፣ ከፍ ያለውን በቀይ፣ ደህናውን በሰማያዊ እስክርብቶ ይመዘግባሉ። ፒዛ ስለሚወዱ ባለቤታቸው የስንዴውን ሊጥ ትተው ቂጣውን ከአበባ ጎመን ይሠሩላቸው ጀመር። ደብተሩን ስገልጥ ግን ፒዛ የተበላበት ምሽት ሁሉ ቀይ ነው፤ 260፣ 280።

ባለቤታቸው ከቤት አንድ ቁራጭ በፎይል ጠቅልለው አምጥተውልኝ ነበር። ስቆርሰው መሃሉ ነጭ ነው፤ እንደ ዳቦ ይለጠጣል። ጎመኑ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ብሎበታል። ምን ያህል ዱቄት እንደገባበት ጠየቅኋቸው። «ብዙም አይደል ልጄ፣ ሁለት ብርጭቆ ብቻ ነው። ዱቄት ሳይነካው እንዴት አድርጎ ይያያዛል?» አሉኝ።

ምክንያቱን አስረዳኋቸው፤ መምህሩ ግን ልባቸው ቀድሞ ሸሽቷል። ሲወጡ «እኔን አትክልትም አይስማማኝም ማለት ነው» ብለው ሄዱ። በቀጠሯቸው ቀን አልመጡም። ይህን ያህል ጥንቃቄ ያላቸው ሰው ጎመኑን ጥፋተኛ አድርገው መሄዳቸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሂሳቡን ልብ በሉ። ግማሽ ኪሎ አበባ ጎመን ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት 25 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚያም ላይ 10 ግራም ያህሉ ስኳር የማያወጣ አሰር ነው። ሁለት ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት 250 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ካርቦሃይድሬቱ 190 ግራም ይደርሳል። ይህ እኮ ለሁለት ሰው ፒዛ ሊጥ ሲቦካ የሚገባው ዱቄት ነው። ምንም አልተቀነሰም፤ ጎመን ተጨመረበት እንጂ።

በየሳምንቱ የማገኘው ስህተት ይኸው ነው። የአትክልት ቂጣ ሲፈርስ ሁሉም ሰው ዱቄት ያነሰው ይመስለዋል። ቂጣው የሚፈርሰው ውሃ ስለበዛበት ነው። አበባ ጎመንና ደበርጃን ከመቶ 92 እጅ፣ ዙኪኒ ደግሞ 95 እጅ ያህል ውሃ ናቸው። ቂጣውን የሚያያይዙት እንቁላሉና አይቡ ናቸው። እንቁላል በሙቀት ይረጋል፤ አይብ ይቀልጥና በረድ ሲል ይይዛል። ውሃው በመካከላቸው ካለ ግን እንቁላሉ ይቀጥናል፤ የምድጃው ሙቀት ቂጣውን ማድረቁ ቀርቶ ውሃውን በማትነን ያልቃል። ቂጣው መጋገሩ ቀርቶ በእንፋሎት ይበስላል። ዱቄት ሲጨመርበት ያንን ውሃ ይጠጣና ያብጣል፤ ሊጡም ይወፍራል፤ ችግሩ የተፈታ ይመስላል። ውሃው ግን የትም አልሄደም።

ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት አቁላልታ የምታውቅ ሴት ይህን ከእኔ ልትማር አይገባትም ነበር። ሽንኩርቱ ውሃውን ሳይጨርስ ቅቤ የምትጨምር፣ ወጡ ቀጠነብኝ ብላ ዱቄት የምትነሰንስ ባለሙያ የለችም። ያ ትዕግሥት ፒዛ ላይ ሲደርስ ለምን እንደሚያልቅ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

መጀመሪያ ጎመኑን መቀቀሉ ይቅር። አዲስ አበባ ከፍታዋ ብዙ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ጎመኑ ቶሎ አይለሰልስም፤ እስኪለሰልስ ውሃ ውስጥ ይቆያል፤ ተጨማሪ ውሃ ይዞ ይወጣል። ጥሬውን በካሮት መፈቅፈቂያ ፈቅፍቃችሁ፣ ውሃም ዘይትም ሳትጨምሩ በሰፊ መጥበሻ ላይ እያማሰላችሁ እንፋሎቱ እስኪቀንስ አቆዩት። ከዚያ ይቀዝቅዝ። ትኩሱን የሚጨምቅ ሰው እጁን ያቃጥለውና ቶሎ ይተወዋል። በንጹሕ ስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ ጠምዝዙት፤ ያበቃ ሲመስላችሁ ጨርቁን ፈታ አድርጋችሁ ጎመኑን አገላብጡና ደግማችሁ ጭመቁ። ልዩነቱን የሚያመጣው ይህ ሁለተኛው ጭመቃ ነው። ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ይዞ ከቀረ፣ መዳፋችሁንም ካላረጠበው፣ አንድ እንቁላልና አንድ እፍኝ የተፈቀፈቀ ፕሮቮሎን ይበቃዋል። ለስላሳውን የአገር ቤት አይብ የሚጠቀም ሰው እሱንም ያጥልለው፤ ብዙ ውሃ ይይዛል።

ዙኪኒና ደበርጃን ጨው ተነስንሶባቸው ግማሽ ሰዓት ሲቆዩ ውሃቸውን ራሳቸው ይተፋሉ። ደም ግፊት ያለበት ሰው ከዚያ በኋላ ያለቅልቃቸውና ያድርቃቸው። እንዲያውም ለጀማሪ የምመክረው ደበርጃን ነው። በጣት ውፍረት ክብ ክብ ተደርጎ ከተቆረጠ እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን የቻለ ቂጣ ነው፤ ማያያዣ የሚባል ነገር አይፈልግም።

ቂጣው ጠርዙ እስኪቀላ ድረስ ብቻውን ይጋገር፤ ስጎ የሚፈሰው ከዚያ በኋላ ነው። ቲማቲሙም ውሃው እስኪመጥ ይብሰል። ኦቨን የሌለው ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ይበቃዋል። ቂጣው በስሱ ተዘርግቶ ሳይከደን ይጋገራል፤ አክንባሎ ከተደፋበት እንፋሎቱ ተመልሶ ይንጠባጠብበታል። ክዳኑ የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ፣ አይቡ እስኪቀልጥ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ተናግሬ ስጨርስ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ግን ሌላ ዱቄት ነው፤ እዚህ ላይ ነው የምደክመው። «ጤፍስ?» ጤፍ አሰርም ማዕድንም ያለው ድንቅ እህል ነው፤ ነገር ግን ከ100 ግራም ዱቄቱ ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ነው። «የሽምብራስ?» ወደ 58 ግራም። «የበቆሎ ስታርች ትንሽ ቢሆንስ?» እሱ ከሁሉም ይብሳል፤ 90 ግራም ገደማ ነው። «ድንችስ አትክልት አይደለም?» የድንች ካርቦሃይድሬት የአበባ ጎመን ሦስት እጥፍ ይሆናል። እነዚህን አትብሉ እያልኩ አይደለም። ካርቦሃይድሬት ለመቀነስ ተብሎ በሚሠራ ቂጣ ውስጥ ግን ቦታ የላቸውም።

የግድ የሚያጣብቅ ነገር ያስፈልገኛል ለሚል ተልባ አለልን። ከ100 ግራም ተልባ ካርቦሃይድሬቱ 29 ግራም ያህል ነው፤ ከዚያ ውስጥ 27ቱ አሰር ነው። ተፈጭቶ በትንሽ ውሃ ሲረጥብ እንደሚያዝ የማያውቅ ጿሚ የለም። እንቁላልና አይብ በማይበላበት ጊዜ፣ በደንብ ለተጨመቀ ግማሽ ኪሎ ጎመን ሦስት ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ይዞት ይወጣል። ከላዩ እንጉዳይና ቃሪያ ይበቃዋል። ውድ የውጭ የለውዝ ዱቄት ፍለጋ ሱፐርማርኬት ለሱፐርማርኬት የሚዞሩ ሰዎች ተልባን በጓዳቸው ይዘው መሆኑ ያሳዝነኛል።

በትክክል የተሠራው ቂጣ የአንድን ሰው እራት ከ95 ግራም ካርቦሃይድሬት ወደ 20 ግራም ገደማ ሊያወርደው ይችላል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚወስድ ሰው የተለመደውን መጠን ወስዶ ይህን ቢበላ ሌሊት ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ ይጋባል። የበለጠ የምፈራው ደግሞ ዱቄት ያለበትን ሲበሉ የቆዩትን ነው። ሐኪሙ ያንን ቀይ ቁጥር አይቶ መድኃኒቱን ከፍ አድርጎ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ከፍ እንዳለ ዱቄቱ አንድ ምሽት ድንገት ከማዕዱ ይወጣል። ስለዚህ ቂጣውን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ፤ የመጀመሪያዎቹን ምሽቶች ከመተኛታችሁ በፊት ስኳራችሁን ለኩ። ለሐኪሙም «የአትክልት ፒዛ በላሁ» ብላችሁ አትለፉት፤ ምን ያህል ዱቄት እንደነበረበት ንገሩት።