15 ከመቶ ሁሉ አንድ አይደለም
(ስለ ባጃጅ ብድርና ስለ ቤተሰብ ሒሳብ)

ብድር ማለት የነገን ገቢ ዛሬ መጠቀም ማለት ነው። ይህን ስል ብድር መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ገበሬ ለዘር ይበደራል፣ ነጋዴ ለሸቀጥ ይበደራል፣ መንግሥትም ቢሆን ይበደራል። ችግሩ የሚመጣው ተበዳሪው ጠቅላላ ስንት እንደሚከፍል ሳያውቅ ሲፈርም ነው። በዚህ ጽሑፍ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሠራተኛ ቤተሰብ ባጃጅ ወይም ሌላ የእንጀራ ተሽከርካሪ በብድር ሲገዛ ወለዱ እንዴት እንደሚታሰብ፣ ከመፈረሙ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለበትና ማን ሊመክረው እንደሚችል ባጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ። «ደግሞ ሒሳብ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ታገሡኝ፤ ከመደመርና ከማባዛት አያልፍም።

ነገሩን የማነሣው በቤታችን ስለደረሰ ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ ቤቱን የያዘው ታላቅ ወንድሜ ነው። የሰው ባጃጅ እየነዳ፣ ለባለቤቱ የቀን ገቢ እያስገባ፣ የተረፈችውን ለእናታችን ይሰጥ ነበር። ዕቁብ ሲደርሰው ያገለገለ ባጃጅ ሊገዛ አሰበና 120,000 ብር ጎደለው። ከአንድ አበዳሪ ዘንድ ሄዶ የውል ወረቀት ይዞ መጣ። እኔ ያኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። «አንተ ተማሪ ነህ፣ እስቲ እየው» አለኝ። አየሁት፦ ወለድ 15 ከመቶ፣ ሁለት ዓመት፣ በየወሩ 6,500 ብር። ከመጽሐፋችን የማስታውሰውን የወለድ ቀመር አስገብቼ አባዛሁና «ልክ ነው ጋሼ፣ ፈርም» አልኩት።

ማባዛቱስ ልክ ነበር። ያልጠየቅኩት ግን 15 ከመቶው «የምኑ 15 ከመቶ ነው?» ብዬ ነው።

ሁለት ዓይነት አቆጣጠር

ወለድ የሚታሰብበት መንገድ በዋናነት ሁለት ነው።

አንደኛው በመነሻው ብድር ላይ የሚታሰብ ወለድ ነው። የብድር ሠራተኞች «ፍላት» ይሉታል። በዚህ አቆጣጠር ተበዳሪው ዕዳውን እየከፈለ ቢያጋምሰውም፣ ወለዱ ሁልጊዜ የሚታሰበው በመጀመሪያው ቀን በወሰደው ገንዘብ ልክ ነው። የወንድሜን ብንወስድ የ120,000 ብር 15 ከመቶ በዓመት 18,000 ብር፣ በሁለት ዓመት 36,000 ብር ይሆናል። ጠቅላላው 156,000 ብር ሲሆን ለ24 ወር ሲካፈል በወር 6,500 ብር ይመጣል።

ሁለተኛው በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ወለድ ነው። እዚህ ላይ ወለድ የሚከፈለው ገና በእጅ ላለው ገንዘብ ብቻ ነው። በዓመት 15 ከመቶ ማለት በወር 1.25 ከመቶ ነው። ከዋናው ብድር በየወሩ 5,000 ብር ይመለሳል እንበል፦

በ1ኛው ወር ዕዳው 120,000 ብር ነው፤ ወለዱ 1,500 ብር፤ ክፍያው 6,500 ብር።
በ12ኛው ወር ዕዳው 65,000 ብር ነው፤ ወለዱ 812.50 ብር፤ ክፍያው 5,812.50 ብር።
በ24ኛው ወር ዕዳው 5,000 ብር ነው፤ ወለዱ 62.50 ብር፤ ክፍያው 5,062.50 ብር።

የሃያ አራቱም ወር ወለድ ሲደመር 18,750 ብር ነው። ከ36,000 ብር ላይ ሲቀነስ የ17,250 ብር ልዩነት አለው። የሁለቱም ስም ግን «15 ከመቶ» ነው!

አንድ ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያው ወር ክፍያ በሁለቱም አቆጣጠር 6,500 ብር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍያ ብቻ ያየ ሰው ልዩነቱን በፍጹም አያገኘውም። ልዩነቱ የሚገለጠው ከሁለተኛው ወር ጀምሮ፣ አንዱ ክፍያ እየቀነሰ ሲሄድ ሌላው እዚያው ሲቆም ነው። የወንድሜ «15 ከመቶ» በቀሪ ዕዳ አቆጣጠር ተለውጦ ሲሰላ ወደ 27 ከመቶ ይጠጋል።

ይህን ያወቅኩት እዚህ ተቋም ከገባሁ በኋላ፣ የተከታታይ ቁጥሮችን ድምር ስንማር ነው። ወለዱ በየወሩ በ62.50 ብር እየቀነሰ የሚሄድ ተከታታይ መሆኑ ገባኝና የወንድሜን ብድር እንደ መልመጃ ሠራሁት። መልሱን ሳየው እርሳሱን አስቀመጥኩ። በበዓል ቤት ስገባም የውሉን ወረቀት አውጥቼ እንደገና አነበብኩ። አበዳሪው አልደበቀም፤ «ወለዱ በመነሻ ብድር ላይ ይታሰባል» ተብሎ በሁለተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል። እኔ ግን ያነበብኩት የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነበር።

ወለዱ ብቻውን አይደለም

የወለዱ ነገር እንዲህ ከሆነ፣ ሁለተኛው ጥፋታችን ደግሞ የቤቱን ሒሳብ አለመሥራታችን ነው። ባጃጅ ሳር አይበላም፤ ቤንዚን ግን ይጠጣል። ጎማ አለ፣ ዘይት አለ፣ ጋራዥ አለ፣ ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ አለ፣ በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን አለ። ነጂው በቀን ከቤንዚን በኋላ 500 ብር ቢተርፈውና በወር 25 ቀን ቢሠራ 12,500 ብር ነው። ከዚህ ለጥገና፣ ለቦሎና ለመድን 2,500 ብር ቢቀመጥ 10,000 ብር ይቀራል። 6,500ው ለዕዳ ሲሄድ ለአምስት ነፍስ የሚተርፈው 3,500 ብር ነው። ይህ እንግዲህ ባጃጁ ሳይበላሽ፣ ነጂው ሳይታመም፣ መንገዱ በጎርፍ ሳይዘጋ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሕጉ የወጣው ለተቀጣሪ ነው። ቢሆንም በግሉ ለሚሠራ ሰውም ጥሩ መለኪያ ይሆናል። የ10,000 ብር አንድ ሦስተኛ 3,333 ብር ገደማ ነው። ወንድሜ የፈረመው ከዚህ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ለቀረው ክፍያ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ስሌት ልጨምር። ያው 120,000 ብር በቀሪ ዕዳ አቆጣጠር ለአራት ዓመት ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ክፍያ 4,000 ብር ሆኖ በየወሩ ይቀንስ ነበር። ጠቅላላ ወለዱ ደግሞ 36,750 ብር ነው። ማለትም ወንድሜ ለሁለት ዓመት የከፈለው ወለድ አራት ዓመት ሊያሠራው የሚችል ነበር።

የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ክረምት ላይ ሞተሩ ተበላሸ። ሁለት ወር ሳይከፈል ቀረ፤ ቅጣትም ተጨመረ። ዋስ የሆኑልን ጎረቤታችን መምህር ናቸው። ከደመወዛቸው ሊቆረጥ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳቸው። እሳቸው አንዲት ቃል አልተናገሩንም፤ እናቴ ግን በዚያ ወር ከዕድር ቀረች፣ እንዴት ዓይናቸውን ልየው ብላ። ጊደራችን ተሸጠችና የተጓደለው ተከፈለ። ወንድሜ ዕዳውን ጨርሷል። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። አንድ ጊዜ ብቻ «አይተኸው አልነበር?» አለኝ።

የት መበደር፣ ማንን መጠየቅ?

ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ጥሩ ነገር ነው። ጉድለቱ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አለመታወቁ ነው። የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ደግሞ አባላቱ ራሳቸው ቆጥበው ራሳቸው የሚበደሩበት ነው። ወለዱ ከማኅበሩ ስለማይወጣ ከትርፉ ለአባላት ይመለሳል። በአገራችን ይህን ዓይነት ማኅበር በመመሥረት ቀዳሚ የሚባሉት የአየር መንገድ ሠራተኞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1964። አነስተኛ የብድር ተቋማትም ከአዋጅ ቁጥር 40/1988 ወዲህ በሕግ ይሠራሉ። ግለሰብ ለግለሰብ ሲያበድር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 ወለዱ በዓመት ከ12 ከመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከዚያ በላይ የሚያስከፍል አራጣ አበዳሪ የሕግ ከለላ የለውም።

በሌላውም አገር ችግሩ አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ሕግ አበዳሪው የዓመቱን እውነተኛ የወለድ መጠን ተበዳሪው ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በዚያው አገር በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1984 «ዌይስ ቱ ወርክ» የተባለ ፕሮግራም ተጀምሯል። ፕሮግራሙ ባንክ የማያበድራቸውን ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሠራተኛ ወላጆች ወደ ሥራ የሚሄዱበት ያገለገለ መኪና እንዲገዙ ያበድር ነበር። ከብድሩ ጋር የቤት ወጪ አያያዝ ምክር መስጠቱ ነው ዋናው ቁም ነገር። ለምን ቢባል ገንዘብ ብቻውን የሰጠ ሰው ግማሹን ነው የረዳው።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ

1. ወለዱ የሚታሰበው በመነሻው ብድር ላይ ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ?
2. እስከ መጨረሻው ቀን በጠቅላላው የምከፍለው ስንት ብር ነው? (ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው።)
3. ከወለዱ ሌላ የአገልግሎት፣ የመድን ወይም የሌላ ክፍያ አለ?
4. አንድ ወር ቢያልፈኝ ቅጣቱ ስንት ነው? ከጊዜው በፊት ብጨርስስ ወለዱ ይቀነስልኛል?
5. በመጥፎው ወር፣ ማለት በክረምት፣ ገቢዬ ክፍያውን ይችላል?
6. ዋሴ ምን ላይ እንደሚፈርም ያውቃል?

ጓደኞቼ ሆይ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ በየገጠሩ እንመደባለን። በምንሄድበት ሁሉ ሰው «መምህር፣ ይህቺን ወረቀት እዩልኝ» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የተማረ መባሉ ደስ ብሎን የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይተን «ልክ ነው» እንዳንል። ካልገባን «ነገ አስልቼ እነግርዎታለሁ» ማለት አያሳፍርም። እኔ ያን ቀን እንዲህ ብዬ ቢሆን ኖሮ ጊደሯ ዛሬ ላም ትሆን ነበር።