የብረት ጀልባ ወይስ የጎማ ጀልባ? መራጩ ውሃው ነው

ጀልባ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ጣና ወይም ወደ ባሕር ይሮጣል እንጂ ወደ አጣዬ አይሄድም። ነገር ግን በክረምት ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ደሴ የተጓዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሮቢ፣ ጀውሃና አጣዬ በበጋ ልጆች እየተጫወቱ የሚሻገሯቸው ወንዞች ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ግን በመንዝ ደጋ የዘነበው ዝናብ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይወርድባቸዋል፤ የይፋት ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ እንኳ ደራሽ ይመጣል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዋሽ ሜዳ ሲደርስ ውሃው ይተኛል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር ሜዳ ላይ በፈሰሰ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር የሚሠራ ወጣት ሹም፣ «በዚህ በጀት አንድ ጀልባ ግዛ» ቢባል የቱን ይምረጥ? ነገሩ ቀላል አይደለም። ያለ ቦታው የተገዛ ጀልባ በግምጃ ቤት ግቢ ሲዝግ፣ በጎርፍ የተከበበ ቤተሰብ ከጉብታ ላይ ሆኖ መንገድ መንገዱን ያያል።

ሁለቱን ዓይነቶች እንመልከት። ገላው የማይታጠፍ ጀልባ ከእንጨት፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከፋይበር የሚሠራ ነው። ማዕበል ይሰነጥቃል፣ መንገዱን አይስትም፣ ከባድ ጭነትና ብርቱ ሞተር ይችላል፤ በአያያዝም ብዙ ዓመት ያገለግላል። ጉድለቱ፣ ለማጓጓዝ ተጎታች ጋሪ፣ ለማውረድም ብዙ ጉልበት መፈለጉ ነው። ደግሞም ከቋጥኝ ጋር ሲጋጭ ይጎብጣል ወይም ይሰነጠቃል።

የጎማ ጀልባ ግን አየሩ ወጥቶ ተጠቅልሎ በፒካፕ ይጫናል። ሦስት ሜትር ተኩል የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከ100 ኪሎ በታች ስለሚመዝን፣ መኪና ከማይገባበት አራት ሰዎች ተሸክመው ያደርሱታል። አካሉ በተለያዩ የአየር ክፍሎች የተከፈለ ስለሆነ አንዱ ቢበሳ ሌሎቹ ያንሳፍፉታል። ይሁን እንጂ ነፋስ በቀላሉ ይገፋዋል፤ ፀሐይና ስለት ጠላቶቹ ናቸው።

የሁለቱን ልዩነት በጉልህ ያሳየው ዐባይ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ በብረት ጀልባዎች ዐባይን ሊወርድ ቢነሣ፣ ጀልባዎቹ ገና ከጅምሩ ተጎድተው ጉዞው ከሸፈ። በ1968 ደግሞ በሻምበል ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዞች ጓድ ሁለቱንም ዓይነት ይዞ መጣ። ከጣና በታች ላለው ቋጥኛማ ክፍል የጎማ ጀልባ፣ ከደብረ ማርቆስ መንገድ ድልድይ በታች ላለው ትልቅ ውሃ ደግሞ ገላቸው የማይታጠፍ የጦር ሠራዊት ጀልባዎችን መደበ። እንዲህም ተጠንቅቆ ከአባላቱ አንዱን ውሃ ወስዶበታል።

የጣናም ሰው ይህን ጥበብ ከጥንት ያውቀዋል። ከደንገል የሚታሠረው ታንኳ እንደ ጎማ ጀልባ ቀላል ነው፤ ከውሃ ሲወጣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ብዙ መንገደኛና ከባድ ዕቃ ሲመጣ ግን ሥራው ለሞተር ጀልባ ይለቀቃል።

በእኛ አስተያየት ለይፋት ቆላ የሚስማማው የጎማ ጀልባ ነው። ጎርፉ ዛሬ የት፣ ነገ የት እንደሚተኛ አስቀድሞ አይታወቅምና፣ ጀልባው ወደ ውሃው መሄድ አለበት። ነገር ግን ከግራር እሾህ ይጠበቅ፤ ከመዘርጋቱ በፊት መሬቱ ይጠረግ። በቀዝቃዛ ጠዋት ጥብቅ ተደርጎ ተነፍቶ በቆላ ፀሐይ ከተተወ አየሩ ስለሚሰፋ ስፌቱን ያስጨንቃል፤ በሙቀት ተነፍቶ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካም ስለሚለዝብ እንደገና መነፋት ይሻል። ፓምፑ፣ መጣፊያውና ማጣበቂያው፣ ገመዱ፣ መቅዘፊያውና የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹ አብረው ይገዙ። ግምጃ ቤቱ አይጥ የማይገባበት ይሁን። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ተነፍቶ ይደር፤ ጠዋት ከሟሸሸ ቀዳዳው ያኔ ይፈለጋል እንጂ በነሐሴ ጎርፍ መካከል አይፈለግም።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናስታውሳለን። ድንጋይና ግንድ ይዞ በሚወርድ ደራሽ ውስጥ የብረቱም ሆነ የጎማው ጀልባ አይገባም። ደራሽ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል፤ መድኃኒቱ ከዳር ሆኖ መጠበቅ ነው። ጀልባ የሚያገለግለው ለተኛ ውሃ ነው።

ስለዚህ ወጣቱ ሹም ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ውሃው ምን ዓይነት ነው? ጀልባው በየት በኩል ይደርሳል? ማንስ ይሸከመዋል? የወንዙን ጠባይ የሚያውቁትን የአገር ሽማግሌዎች ጠይቆ የገዛ፣ የመንግሥትን ገንዘብም የሰውንም ነፍስ ያድናል።