የአሮጌ ቮልስዋገን በርና ፓራፋንጎ ከቀለም በፊት እንዴት እንደሚገጠም

ከአባት የተወረሰ ወይም ጡረታ ከወጣ ባልደረባ የተገዛ አሮጌ ቮልስዋገን በግቢው ቆሞ ባየው ቍጥር ልቡ የሚያዝንበት የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬም በአዲስ አበባ ጥቂት አይደለም። ይህ ሰው ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሞ መኪናውን ለማሳደስ በተነሣ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ቀለሙ ነው። ሰማያዊ ይሁን ወይስ ነጭ እያለ ከባለቤቱ ጋር ይመክራል፤ ልጆቹንም ይጠይቃል። ነገር ግን የአሮጌ አውቶሞቢል እድሳት የሚያምረው ወይም የሚበላሸው ቀለሙ ከመነካቱ በፊት ነው፤ ይኸውም በሩ፣ ኮፈኑና ፓራፋንጎው ከአካሉ ጋር በሚገጠሙበት ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ የተሳተውን ነገር ምንም ዓይነት ውድ ቀለም አይሸፍነውም።

ይህን ሥራ በዐይኑ ለማየት የሚሻ ሰው ወደ መርካቶ ወርዶ በሰባተኛ በኩል ይለፍ። መዶሻ ላሜራ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ መንገዱን ያሳየዋል። የመለዋወጫውን ነገር ለመጠየቅ ደግሞ ወደ ሶማሌ ተራ መዝለቅ ነው። የሙያው ስም ባትላሜራ ሲሆን፣ ቃሉ ከኢጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ላሜራ መምታት ማለት ነው። ፓራፋንጎ የሚለውም እንዲሁ ጭቃ መከላከያ ማለት ሲሆን፣ ኮፈን፣ ግራሶ፣ ካቻቢቴ፣ ስቱኮ የሚሉት ሁሉ የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። ራሱ መርካቶ የሚለው ስም ገበያ ማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ የመጣው ጠላት ተባርሮ ሲሄድ ቃላቱን ከነመፍቻው ጥሎልን ሄዷል፤ የእኛም ባለሙያዎች ቃሉን ከነሥራው ወርሰው የራሳቸው አድርገውታል።

ቮልስዋገን በአገራችን ታሪክ ውስጥ የራሱ ስፍራ አለው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን በወረዱበት ዕለት ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚሁ፣ የፊቱ ወንበር ካልታጠፈ በቀር ወደ ኋላ መግቢያ በሌለው ባለ ሁለት በር መኪና ነበር። ፋብሪካው የመጨረሻውን መኪና በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. እስኪያወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ዛሬ ግን አዲስ አይሠራም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በእጅ ያለውን መጠበቅ የትዝታ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኪስም ጉዳይ ሆኗል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የቮልስዋገን አካል ከሻንሲው ጋር በብየዳ የተያያዘ አይደለም፤ ዙሪያውን በብሎን የታሰረ ነው፤ በመካከሉም ውሃና አቧራ እንዳይገባ ጎማ ተነጥፎበታል። አራቱም ፓራፋንጎዎች እንደዚሁ በብሎን የሚታሰሩ ናቸው። ይህ ለባለሙያው ትልቅ በረከት ነው፤ የተጎዳው ክፍል ብቻውን ወርዶ ይቃናልና፣ ወይም በሌላ ይለወጣልና። ዳሩ ግን የሚፈታ ነገር ሁሉ ተጣሞም ሊታሰር ይችላል። ብዙ እጅ ያለፈበት መኪና ላይ በግራና በቀኝ የማይመሳሰል ክፍተት የምናየው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ግን በዐይን የማይታየው ክፍል ነው። ከበሩ ሥር፣ እግራችንን አንሥተን በምንገባበት ደፍ ውስጥ፣ ባዶ የሆነ የላሜራ ሣጥን ከፊት ወደ ኋላ ይዘልቃል። ከኋላ ያለው ሞተር የሚያሞቀው አየር ወደ መቀመጫው ክፍል የሚመጣው በዚህ ሣጥን ውስጥ አልፎ ነው። ሥራው ግን ሙቀት ማስተላለፍ ብቻ አይደለም፤ ለመኪናው አካል የጎን አጥንቱ እርሱ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናም በበሩ ሥር እየተንጠባጠበ፣ ጭቃው ከታች እየተለጠፈ ለብዙ ዓመታት ሲቀመጥ ሣጥኑን ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ቀለሙ ደኅና ይመስላል፤ ከውስጥ ግን እንደ ቅንቅን በልቶት የቀረው ልጣጩ ብቻ ነው። አጥንቱ ሲላላ አካሉ በመካከል ይጎብጣል፣ የበሩም ክፍተት ከላይ ይጠብባል፤ ባለቤቱም በሩ ወደቀ ብሎ ማጠፊያውን ያስመታል። በሩ ግን አልወደቀም፤ የተቀመጠበት ቤት ነው የወደቀው።

ይህን የምታውቁበት ቀላል ዘዴ አለ። መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ በሩ በተዘጋ ጊዜ የኋለኛውን ጠርዝ ክፍተት ከላይና ከታች ለኩ። ከዚያም በጎኑ በኩል በክሪክ ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ እንደ ገና ለኩ። ልኩ በግልጽ ከተለወጠ ወይም በሩ መዝጋት እምቢ ካለ፣ ችግሩ የበር ሳይሆን የደፉ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ደፉን ሳይጠግኑ በር ማስተካከል ገንዘብን በወንፊት ውሃ እንደ መቅዳት ነው። ደፉ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ሲለወጥ ደግሞ፣ ጠንቃቃው ባለሙያ አስቀድሞ በበሩ መክፈቻ ውስጥ የብረት ቱቦ በመበየድ አካሉን ይወጥራል፤ በሩንም እየከፈተና እየዘጋ ልኩን ይጠብቃል። ያለ ወጣሪ ብረት ሁለቱን ደፍ በአንድ ቀን ቈርጦ የሚጥል ሰው ካገኛችሁ፣ ዋጋው ረከሰልኝ ብላችሁ አትደሰቱ።

ደፉ ደኅና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ አካሉ በሻንሲው ላይ ሙሉ በሙሉ ይታሰራል። መኪናው በደልዳላ ሲሚንቶ ላይ፣ አየራቸው እኩል በሆነ አራት ጎማዎች ላይ ይቆማል። ብሎኖቹ ሳይጠብቁ በር ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው፤ ሲጠብቁ አካሉ ጥቂት ስለሚንቀሳቀስ የተስተካከለው ሁሉ ይዛባልና።

መጀመሪያ የሚገጠመው በሩ ነው። መነሻውም ከበሩ በስተኋላ ያለው የአካሉ ክፍል ነው፤ ይህ ክፍል ከአካሉ ጋር የተበየደ በመሆኑ ወዲያና ወዲህ አይልም። የማይንቀሳቀሰውን ይዞ የሚንቀሳቀሰውን ወደ እርሱ ማምጣት የዚህ ሙያ ሁሉ ሥር ነው። የበሩ ጎማ ወልቆ፣ መዝጊያው የሚይዝበት ብረትም ከምሰሶው ላይ ተፈትቶ መቀመጥ አለበት። ይህ ብረት ካልተነሣ በሩን በግድ ወደ ላይ ስለሚያነሣው፣ ያልተስተካከለው የተስተካከለ ይመስላል። ከዚያም በሩ ተከፍቶ በጫፉ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቃነቃል። በማጠፊያው ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዘንጉ አልቋልና አስቀድሞ እርሱ ይለወጥ።

ማጠፊያዎቹ በምሰሶው ላይ የታሰሩት ከውስጥ ባለ ተንቀሳቃሽ የብረት ሰሌዳ ነው፤ ስለዚህ ብሎኖቹ ሲላሉ በሩ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት ይሄዳል። ዋናው ምስጢር ግን ሁለቱን ማጠፊያዎች በአንድ ጊዜ አለማላላት ነው። የበሩ የኋላ ጫፍ ወደ ታች ካዘነበለ፣ የላይኛው ማጠፊያ ብቻ ተላልቶ በሩ ከላይ በኩል ጥቂት ወደ ፊት ይገፋል፤ የኋላው ጫፍ ያን ጊዜ ይነሣል። ግማሽ ሚሊ ሜትር በማጠፊያው ላይ፣ በሌላው ጫፍ ብዙ ሆኖ ይታያል። ዙሪያውን 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ያህል እኩል ክፍተት ከተገኘ መልካም ነው። ልዩ መለኪያ ለሌለው ሰው የክብሪት እንጨት ይበቃዋል፤ ውፍረቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ፣ ሁለቱ ተደርበው በዙሪያው ሁሉ እኩል ካለፉ ልኩ ተገኘ ማለት ነው። ከክፍተቱም ሌላ የበሩ ፊት ከጎረቤቱ ላሜራ ጋር አንድ ሜዳ መሆኑን መዳፍን አስፍቶ በመዳሰስ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ልምድ ያለው ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል።

በሩ ከተስተካከለ በኋላ ጎማው ይገባና እንደ ገና ይሞከራል። በገበያ የሚሸጠው አዲስ ጎማ አንዳንድ ጊዜ ከጥንቱ ይወፍራል፤ በሩንም ወደ ውጭ ይገፋዋል። በዚያን ጊዜ ጥፋቱ የጎማው ስለ ሆነ ማጠፊያውን እንዲነኩባችሁ አትፍቀዱ።

ከበሩ ቀጥሎ የፊቱና የኋላው ኮፈን ይገጠማል፤ የማጠፊያቸው ቀዳዳ ረዘም ያለ በመሆኑ ብዙ አያስቸግርም። ከዚያ በኋላ ፓራፋንጎዎቹ፣ በመጨረሻም በሁለቱ ፓራፋንጎዎች መካከል የሚዘረጋው የእግር መርገጫ ይከተላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። ከ1968 ሞዴል (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፋብሪካው የፊት መብራቱን ከተጋደመ ወደ ቆመ ለውጧል፤ መከላከያውንም ከፍ አድርጎ ኮፈኖቹን አሳጥሯል። የ1963 መኪና ይዞ ወደ ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው የ1972 ፓራፋንጎ ገዝቶ ቢመለስ፣ ባለሙያው በመዶሻ ሊያስማማው ሲታገል ይውላል፤ በመጨረሻም ፊቱ ያልተመሳሰለ መኪና ይወጣል። ስለዚህ አሮጌውን ፓራፋንጎ፣ የተሰባበረም ቢሆን፣ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ላሜራው በመዶሻና ከኋላ በሚደገፍ ብረት ተቃንቶ ካለቀ በኋላ የሚቀረውን ጥቂት ጉድለት ስቱኮ ይሞላዋል። ስቱኮ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉ የሚሆነው ባትላሜራው ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ሲተካ ነው። የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ በመንገድ ንዝረት ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም እርጥበት ገብቶ ላሜራውን ከሥር ያዝገዋል። ለመግዛት ወይም ለመረከብ ስትሄዱ አንድ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። ላሜራ ሲሆን ይይዛል፤ ወፍራም ስቱኮ ባለበት ግን ይወድቃል። በዚህ ነገር የሚቈጣ ባለ ጋራዥ ቢኖር ቍጣው ራሱ መልስ ነው።

ከባለሙያው ጋር ስትዋዋሉ ክፍያውን ከፋፍላችሁ አስቀምጡ። ሁሉ ነገር፣ በር፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ መከላከያ ሳይቀር፣ ያለ ቀለም በሙሉ ተገጥሞ ሳታዩት ለቀለሙ ገንዘብ አትስጡ። ይህ ሙከራ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ብዙ ሰውም እንደ ብክነት ይቈጥረዋል። ነገር ግን ባልተቀባ ላሜራ ላይ ጠርዝ ማስተካከል የአንድ ሰዓት ሥራ ሲሆን፣ ከተቀባ በኋላ ያው ሥራ ቀለሙን ሁሉ እንደ ገና ያስጀምራል። ቀለሙ ራሱ በሁለቱም ጠርዝ ላይ ስለሚደረብ ክፍተቱን ጥቂት እንደሚያጠብም አስታውሱ። ልኩ ከተገኘ በኋላ የማጠፊያው ስፍራ በጫረ መስመር ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያ ተፈትቶ ይቀባል።

ከቀለም በኋላ ሲመለስ፣ በፓራፋንጎውና በአካሉ መካከል የምትገባው ቀጭን ጎማ እንዳትረሳ። ብሎኖቹ ግራሶ ተቀብተው በእጅ ብቻ ይጀመራሉ፤ ሁሉም ቀዳዳቸውን ካገኙ በኋላ ጎማዋ በመካከል ትገባለች። ከዚያም በቁልፍ ከመካከል ጀምሮ ወደ ሁለቱ ጫፍ እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ። በአንድ ወገን አጥብቆ መጀመር ጎማዋን ያሸበሽባታል። በበሩ የታችኛው ጠርዝ ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በስቱኮ ወይም በቀለም ተደፍነው እንደ ሆነ በቀጭን ሽቦ ይከፈቱ። በመጨረሻም አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ ሌላው ከውጭ በጎማ ቱቦ ውሃ ያርከፍክፍበት፤ ውስጥ ያለው ሰው ውሃ የገባበትን ስፍራ በጠመኔ ምልክት ያድርግ። ከአንድ ወር ያህል መንዳት በኋላ ደግሞ የፓራፋንጎውና የማጠፊያው ብሎኖች እንደ ገና ይፈተሹ፤ አዲሱ ጎማ ሲረግብ እነርሱም ጥቂት ይላላሉና።