ባለጉዳዩና ውሳኔው፦ የተጠቃሚዎች ድርሻ በአዋቂዎች ማኅበራዊ ክብካቤ

ማኅበራዊ ክብካቤ በእርጅና፣ በአካል ጉዳት፣ በአእምሮ ሕመም ወይም በሌላ ሥር የሰደደ ሕመም ምክንያት የዕለት ኑሯቸውን ብቻቸውን መምራት ለሚያዳግታቸው አዋቂዎች የሚደረግ ድጋፍ ነው። ባለጉዳይ የሚለው ቃል በዚህ ዳሰሳ በመስኮት ፊት ተራ የሚጠብቀውን ሰው ሳይሆን፣ ችግሩን በራሱ ሕይወት የሚያውቀውንና በድጋፉ አሠራር ላይ የመወሰን ድርሻ ሊኖረው የሚገባውን ሰው ያመለክታል። አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው ጽሑፍ ተሳትፎን ስምንት እርከን ባለው መሰላል መስላ፣ መነገር፣ መጠየቅና መወሰን አንድ እንዳልሆኑ አሳይታለች፤ በኢትዮጵያ ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በሕግ በተጻፈውና በቀበሌ በሚሠራው መካከል ነው።

በሐረርና በድሬዳዋ አካባቢ የቆየው የመረዳጃ ተቋም አፎሻ ነው። አፎሻ ከእድር ጋር የሚቀራረብ፣ በሐረር የወንዶቹና የሴቶቹ ተለይቶ የሚቋቋም፣ አባላቱ ለሐዘንና ለሠርግ የሚደራረሱበት ማኅበር ሲሆን፣ ፒተር ኮህንና ሲድኒ ዋልድሮን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት በማኅበረሰቡና በአስተዳደሩ መካከል ያለ ማገናኛ አድርገው ገልጸውታል። ይሁንና እንዲህ ያለ አባልነት በመዋጮ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ መክፈል የተሳነው ሰው ከድጋፉም ከምክሩም ሊቀር ይችላል።

ባለጉዳዮች በራሳቸው ስም የተናገሩት ይበልጡን በማኅበራት በኩል ነው። ከሐረር ብዙም በማይርቀው በቢሲዲሞ እንደታከሙት ያሉ የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች ለዓመታት እርዳታ ተቀባይ ብቻ ሆነው ቆይተው፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ፤ በዚያው ዘመን ኤችአይቪ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ወገኖች መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉ ማኅበራትን መሥርተው በአደባባይ ማስተማርና የቤት ለቤት ክብካቤ መስጠት ያዙ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ግን ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠሩ በመከልከሉ ብዙዎቹን ወደ አገልግሎት ሥራ ብቻ ገፋ፤ ክልከላው የተነሣው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲረዳ ሲያዝ፣ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል፤ በ2002 ዓ.ም. የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በወካይ ድርጅቶቻቸው በኩል እነርሱን ማማከርን ግዴታ ያደርጋል። ድሬዳዋን ጨምሮ በ11 ከተሞች በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ከታቀፉት 604 ሺህ ያህል ሰዎች ውስጥ 16 በመቶ የሚሆኑትን፣ መሥራት የማይችሉትን፣ ያለ ሥራ ግዴታ በሚከፈል ቀጥታ ድጋፍ ለመርዳት አቅዶ ነበር። ተረጂውን የሚለየው በአካባቢው የሚቋቋም ኮሚቴ ነው፤ ስም ዝርዝሩ በሰሌዳ ሲለጠፍ ዓይነ ስውሩ አያነበውም፣ ስብሰባው በአዳራሽ ሲጠራም የአልጋ ቁራኛ የሆነው አረጋዊ አይደርስበትም።

ስለዚህ በድሬዳዋ ቀበሌዎችም ሆነ ከከተማዋ በስተምዕራብ በምትገኘው ሁርሶ፣ ባለጉዳዩ ተናግሮ ያስቀየረው አንድ ውሳኔ እንኳ ከሌለ ተሳትፎ አለ ማለት አይቻልም።