በቀዳማይ ወያነ ገበያ የሚወደደው ሻይ
የሻይ ጠጪዎች ምርጫና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚስማማ የድብልቅ አመራረጥ

አንድ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለአባላቱ ሻይ ቅጠል ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው ሁለት ነገሮችን ነው፤ ዋጋውንና የቅጠሉን መልክ። ሁለቱም ያሳስታሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመቀሌ ከተማ የሚገኝ አንድ ማኅበር ቅጠሉ ረዘም ያለ፣ በደንብ የተጠቀለለና ለዓይን ደስ የሚል ሻይ መርጦ ገዝቶ ነበር። ሻዩ በደረጃው የተመሰገነ ነው። ይሁን እንጂ አባላቱ አንድ ጊዜ ከወሰዱ በኋላ አልተመለሱም። ምክንያታቸው ሲጠየቅ «ቀለም የለውም» የሚል ነበር። ዕቃው በመጋዘን ለወራት ከረመ፤ ከጎኑ የተከመረውን የልብስ ሳሙና ጠረን ስቦ በመጨረሻ በኪሳራ ተሸጠ። ሻዩ መጥፎ አልነበረም። የተገዛው ግን የአካባቢው ውኃ፣ በራድና የስኳር ልማድ ሳይታሰብበት ነው።

ይህ ጽሑፍ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የማኅበራት የግዥ ኮሚቴዎች ከመግዛታቸው በፊት ምን መመርመር እንደሚገባቸው ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ለምሳሌነት የወሰድነው በመቀሌ የቀዳማይ ወያነን ገበያ ነው። በ1935 ዓ.ም. ከተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ ስሙን የወሰደው ይህ ክፍለ ከተማ ከየወረዳው የሚመጣ ገበሬ፣ ነጋዴና የቀን ሠራተኛ የሚገናኝበት ስለሆነ፣ የሻይ ጠጪውን ልዩ ልዩ ጠባይ በአንድ ቦታ ለመመልከት ያመቻል።

ሻዩ ከየት ይመጣል?

በአገራችን የሻይ እርሻ የሚታወቀው በደቡብ ምዕራብ ነው። ከቦንጋ አጠገብ የሚገኘው የውሽውሽ እርሻና በኢሉባቦር በጎሬ አካባቢ ያለው የጉማሮ እርሻ ስማቸው የታወቀ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በምዕራብ ኦሮሚያ ለአርሶ አደሮች የሻይ ችግኝ እየተከፋፈለ ይገኛል።

«እኛስ በትግራይ ለምን አንተክልም?» የሚል ጥያቄ ከገበሬዎች በየጊዜው ይቀርብልናል። መልሱ አጭር ነው። ሻይ በዓመት ቢያንስ 1200 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በብዙ ወራት የተከፋፈለ ዝናብ ይፈልጋል፤ አፈሩም የአሲድነት መጠኑ ከ4.5 እስከ 5.5 የሆነ ኮምጣጣ አፈር መሆን አለበት። በመቀሌ ዙሪያ የሚዘንበው ግን የዚህን ግማሽ ያህል ሲሆን፣ እሱም በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተጠቃሎ የሚያልቅ ነው። አፈሩም በብዙ ስፍራ ከኖራ ድንጋይ የወጣ ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ያለው ሥራ ሻይ መትከል ሳይሆን ሻይን በሚገባ መግዛት፣ መጠበቅና መሸጥ ነው።

ቅጠሉ ከተለቀመ በኋላ ይጠወልጋል፣ ይታሻል ወይም ይቆራረጣል፣ አየር አግኝቶ ቀለሙ ይለወጣል፣ ከዚያም ይደርቃል። ልዩነቱ የሚመጣው በተለይ ከሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው። በመዳመጫ ታሽቶ የተጠቀለለው ቅጠል ረዘም ያለ ሆኖ መዓዛው የረቀቀ፣ ቀለሙን ግን ቀስ ብሎ የሚለቅ ነው። ጥርስ ባላቸው ሲሊንደሮች መካከል አልፎ የተቆራረጠው ደግሞ እንደ ጥቃቅን ፍሬ ሆኖ ይወጣል፤ ውኃ እንደነካው ቶሎ ይጠቁራል፣ ጠንካራም ነው። ደቃቅ መሆኑ ብቻውን የጥራት ጉድለት ምልክት አይደለም። ይህን ለአባላት ደጋግሞ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ደቃቁን ሻይ «ትራፊ» አድርጎ ይቆጥረዋልና።

የአጠጣጥ ልማድ

በቀዳማይ ወያነ ማለዳ ሻይ የሚጠጣው በትንሽ ብርጭቆ፣ በብዙ ስኳርና ከሕምባሻ ወይም ከዳቦ ጋር ነው። ሻዩ የሚዘጋጀው በትልቅ በራድ ሲሆን ቅርንፉድና ቀረፋ ከውኃው ጋር አብረው ይፈላሉ። በራዱ ከምድጃው አይወርድም፤ ሲጎድል ውኃ፣ ሲቀጥን ቅጠል ይጨመርበታል። እንዲህ ለረጅም ጊዜ የሚፈላ ሻይ የረቀቀ መዓዛ ቢኖረውም ቅርንፉዱ ይሸፍነዋል፤ የቀረውንም እንፋሎቱ ይወስደዋል። ለጠጪው የሚደርሰው ቀለሙ፣ ጥንካሬውና ቅመሙ ነው። ለመዓዛው ከፍተኛ ዋጋ የተከፈለበት ሻይ እዚህ በራድ ውስጥ ሲገባ ገንዘቡ ባከነ ማለት ይቻላል።

ወተት የሚጨምር ጥቂት ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት ጾም መሆኑ ግልጽ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከወተት ስለሚከለከሉ የሻይ ሻጮች ሥራ በወተት ላይ ሊቆም አይችልም። ሎሚ የሚጠይቅ አለ፤ ቡናና ሻይን በአንድ ብርጭቆ ቀላቅሎ ስፕሪስ የሚያዝ አለ፤ በሱዳን ኖሮ የተመለሰ ደግሞ ናዕናዕ ሊጠይቅ ይችላል።

በሌላው የአገራችን ክፍል ልማዱ ሌላ ነው። በሶማሌ ክልል ሻይ ከወተት፣ ከሄልና ከዝንጅብል ጋር ይፈላል። ወተቱ የሻዩን ቀለምና ምሬት ስለሚያለዝበው እዚያ የሚፈለገው እጅግ ጠንካራ ሻይ ነው። በሐረር ከቡና ቅጠል የሚዘጋጀው ቁጢ፣ በደቡብ ምዕራብም ከዚያው ከቡና ቅጠል በቅመም የሚፈላው ጨሞ ከሻይ ተክል የተገኙ ባይሆኑም ቦታቸው የሻይ ቦታ ነው። ከአገራችን ውጭ ብንመለከት ኬንያዊው ወተቱንና ውኃውን አንድ ላይ ያፈላል፤ ሞሮኳዊው ደግሞ አረንጓዴ ሻይ ከናዕናዕና ከብዙ ስኳር ጋር ያዘጋጃል። የእነዚህ ሁሉ ፍላጎት በአንድ ዓይነት ሻይ ሊሟላ አይችልም። ሻይ አቀናባሪዎች ልዩ ልዩ እርሻዎችን ቅጠል የሚደባልቁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከአንዱ ቀለም፣ ከሌላው ጥንካሬ፣ ከሦስተኛው መዓዛ ወስደው ለአንድ ገበያ ያስማማሉ።

ስኳርን በተመለከተ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት ጊዜ ስኳር በትግራይ ብርቅ ሆኖ ነበር። ሦስት ማንኪያ ይጨምር የነበረ ሰው በአንድ ማንኪያ ወይም ያለ ስኳር ሲጠጣ ቀድሞ ያልተሰማው የሻይ ምሬት ይሰማዋል። ስለሆነም የስኳር ዋጋ በናረ ጊዜ ለስለስ ያለ ድብልቅ፣ በረከሰ ጊዜ ጠንካራው የሚፈለግ መሆኑን የግዥ ኮሚቴው አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

የመቀሌ ውኃ

ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው ውኃው ነው። መቀሌ የተቆረቆረችው በኖራ ድንጋይ አገር ላይ ነው። ከዓይናለም የሚሳበውን ጨምሮ የከተማው የጉድጓድ ውኃ ካልሲየም የበዛበት፣ ማለት ከባድ ውኃ ነው። በበራድ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የዚህ ምልክት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ውኃ የተፈላ ሻይ ደማቅ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ወደ ደብዛዛ ቡናማ ያደላል፤ ሲቀዘቅዝም በላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑን ብዙ ሰው የቅጠሉ ቆሻሻ ይመስለዋል። እውነቱ ግን የውኃው ካልሲየምና የሻዩ ንጥረ ነገር በአየር ተገናኝተው የሚፈጥሩት ነው። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ሻዩ የሚጠራውና ሽፋኑ የሚጠፋው አሲዱ ይህን ስለሚፈታው ነው። ሎሚ በማይኖርበት ጊዜ ውኃውን አስቀድሞ ለጥቂት ደቂቃዎች አፍልቶ፣ አስቀምጦ፣ ዝቃጩን ትቶ ከላይ ያለውን መጠቀም ይረዳል።

ሁለተኛው የከፍታው ጉዳይ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ረጅሙ ቅጠል በዚህ ሙቀት ያለውን ሁሉ ለመልቀቅ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ደቃቁ ግን አይቸገርም። ከላይ የተጠቀሰው ማኅበር ሻይ «ቀለም የለውም» የተባለው እንግዲህ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ሙከራ

ናሙናዎቹ በየፊደላቸው ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብለው ስማቸውና ዋጋቸው ይሸፈናል። በሻይ ቀማሾች ዘንድ የታወቀው አሠራር ለ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ 2 ግራም ቅጠል አድርጎ ለ6 ደቂቃ መዘፍዘፍ ነው። ይህ የሻዩን ጉድለት ለማወቅ ይጠቅማል፤ ቃጠሎ፣ ሻጋታና የሌላ ዕቃ ጠረን ወዲያው ይለያሉ። ለምርጫው ግን አይበቃም። ስለዚህ እንደ ቤት ልማድ በከተማው ውኃ፣ በእኩል ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ስኳር ደግሞ ማፍላት ያስፈልጋል። ከአሥር የማያንሱ ሰዎች ይቅመሱ፤ ከእነርሱም መካከል የሻይ ሻጮች መኖር አለባቸው፤ በቀን ስንት ብርጭቆ እንደሚቀዱ የሚያውቁ እነርሱ ናቸውና። ሁልጊዜ መጀመሪያ የተቀመሰው እንዳያደላ ቅደም ተከተሉ ለየሰዉ ይለዋወጥ። የሚጠየቁትም «የትኛው ጥሩ ነው?» ተብለው ሳይሆን «የትኛውን ገዝተህ ወደ ቤት ትወስዳለህ? የትኛውን ትወስጃለሽ?» ተብለው ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሰው ይሉኝታ ይዞት ይመልሳል።

ዋጋውም በኪሎ ሳይሆን በብርጭቆ መታሰብ አለበት። ለስሌት ያህል የሀ ዋጋ በኪሎ 400 ብር፣ የለ 500 ብር ነው እንበል። ለአንድ ብርጭቆ ከሀ 2 ግራም፣ ከለ 1.5 ግራም የሚበቃ ከሆነ የመጀመሪያው ብርጭቆ 80 ሳንቲም፣ የሁለተኛው 75 ሳንቲም ይወድቃል። ውድ የመሰለው ረከሰ ማለት ነው።

ቀለም የተነከረ ሻይ መኖሩ ከተጠረጠረ ጥቂት ቅጠል በነጭ ማጣሪያ ወረቀት ላይ በትኖ ውኃ መርጨት፣ ከዚያም ቅጠሉን አንሥቶ ወረቀቱን ማጠብ ነው። ታጥቦ የማይለቅ ጎላ ያለ ነጠብጣብ ከቀረ ዕቃውን አለመቀበል ይበጃል። ቅርንፉድም በውኃ ይፈተናል፤ ዘይቱ ያልወጣለት ይሰጥማል፣ ዘይቱ የወጣለት ይንሳፈፋል።

አንዳንድ ማኅበራት ረጅሙንና ደቃቁን ቅጠል በሱቃቸው ራሳቸው ደባልቀው ለመሸጥ ይሞክራሉ። ይህን አንመክርም። ከረጢቱ በተነቃነቀ ቁጥር ደቃቁ ወደ ታች ስለሚወርድ የመጀመሪያው ገዢ ረጅሙን፣ የመጨረሻው ዱቄቱን ይወስዳል፤ ሁለቱም ይከፋሉ።

አጠባበቅና ጦስኝ

ደረቅ ሻይ እርጥበትንና ጠረንን ይስባል። ከሳሙና፣ ከላምባ፣ ከበርበሬና ከዕጣን ርቆ፣ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ወይም በታሸገ ማሸጊያ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ መቀመጥ አለበት። ከሁለት ወይም ከሦስት ወር ሽያጭ በላይ ባያከማቹ ይሻላል።

ሻይ ሲወደድ ብዙ ቤተሰብ የሚዞረው ወደ ጦስኝ ነው። በደቡብ ትግራይ ደጋ በተፈጥሮ የሚበቅለው ጦስኝ ለገበሬ ማኅበራት የገቢ ምንጭ ሊሆን ይችላል፤ አሁን ያለው አለቃቀም ግን ተክሉን እያጠፋው ነው። ከነሥሩ መንቀል ፈጽሞ መቅረት አለበት። አበባ ማውጣት ሲጀምር ከመሬት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ትቶ በማጭድ ማጨድ፣ በጥላ ሥር በስሱ ማድረቅና ግንዱን ለይቶ ቅጠሉን ማሸግ ይገባል። ጠረኑ ኃይለኛ ስለሆነ ለብቻው ይቀመጥ፤ ከሻይ ጋር በአንድ መደርደሪያ ያደረ እንደሆነ ሻዩ ሁሉ ጦስኝ ጦስኝ ይላል።