ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒዩተር፦ የኃይል አሰጣጡና አያያዙ

የዝናብን መጠን ወይም የእህል መጋዘንን ሙቀትና እርጥበት ቀንና ሌሊት ለመመዝገብ፣ መለኪያ የተገጠመለት ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒዩተር ሊያገለግል ይችላል። ከዚህ ዓይነት መሣሪያ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበው ራስበሪ ፓይ ነው። መሣሪያው መዳፍ የሚያህል ሲሆን ሽፋን ስለሌለው ጥንቃቄ ይፈልጋል።

በአንድ የሙከራ ቦታችን መብራት በድንገት ጠፍቶ በተመለሰ ጊዜ ሰሌዳው ደኅና ነበር። መዝገቡን የያዘው ሚሞሪ ካርድ ግን አልነበብ በማለቱ የሦስት ሳምንት የዝናብ መዝገብ ጠፋብን። ይህ በልማት ሠራተኞችና በኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ እንዳይደርስ የሚከተለውን እንመክራለን።

1. ተስማሚ ኃይል መስጠት

ሰሌዳው የሚሠራው በ5 ቮልት ነው። የሚመከረው ቻርጀር ለራስበሪ ፓይ 3 ባለ 2.5 አምፔር፣ ለራስበሪ ፓይ 4 ባለ 3 አምፔር፣ ለራስበሪ ፓይ 5 ደግሞ ባለ 5 አምፔር ነው። ሰሌዳው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ስለሚወስድ የቻርጀሩ አምፔር ቢበልጥ ጉዳት የለውም። ቮልቱ ከበለጠ ግን ሰሌዳው ይቃጠላል። በስክሪኑ ላይ የመብረቅ ምልክት ከታየ ኃይሉ አንሷል ማለት ነው። ምክንያቱ ደካማ ቻርጀር ወይም ቀጭንና ረጅም ገመድ ሊሆን ስለሚችል መለወጥ ይገባል።

በሶላር የሚሠሩ ማኅበራት ባለ 12 ቮልት ባትሪን በቀጥታ ከሰሌዳው ጋር ፈጽሞ ማገናኘት የለባቸውም። 12 ቮልቱን ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ መቀየሪያ በመካከል መግባት አለበት። ከማገናኘት በፊትም ከመቀየሪያው የሚወጣውን ቮልትና የፖዘቲቩንና የኔጋቲቩን አቅጣጫ በቴስተር ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

2. አያያዝ

ሀ. በደረቅ ወራት በሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ሰሌዳውን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ከመሬት ጋር የተያያዘ ብረት መንካት፣ ሰሌዳውንም በጠርዙ ብቻ መያዝ ይገባል።
ለ. ኃይል እያለው በብረት ጠረጴዛ ወይም በእርጥብ ነገር ላይ አይቀመጥ።
ሐ. የመለኪያ ሽቦዎች የሚሰኩትም ሆነ የሚነቀሉት ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ ነው። ምልክት የሚቀበሉት ፒኖች የሚችሉት 3.3 ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ 5 ቮልት የሚልክ መለኪያ በቀጥታ አይገናኝባቸውም።
መ. ለራስበሪ ፓይ 4 የተወሰነው የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በመሆኑም አቧራና ውሃ በማያስገባ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ከፀሐይና ከጋለ ቆርቆሮ መራቅ አለበት።

3. አጠፋፍ

በካርዱ ላይ በመጻፍ ላይ እያለ ኃይል ከተቋረጠ መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል። ስለሆነም በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩን በራሱ የመዝጊያ ትእዛዝ መዝጋት፣ አረንጓዴው መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ፣ ከዚያም ገመዱን መንቀል ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ መጠባበቂያ ባትሪ ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ መዝገቡ በየሳምንቱ ወደ ሌላ ካርድ ይገልበጥ፤ ዋናው ቁጥርም በደብተር ይጻፍ። የተቃጠለ ሰሌዳ በሌላ ይተካል፤ ያለፈ ዝናብ ግን ተመልሶ አይለካም።